ማሽናችሁ ምን ያህል ቢሳሳት ይፈቀድለታል?

(ደሴ ውስጥ ለስኳር ታካሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ ያደረገው ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን አረፈዳችሁ። ሐረጎን ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ የመጣችሁም አላችሁ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ። ወንበር አለ። እዚህ የሚጠየቅ ተማሪ የለም፣ አብሽሩ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ኢንሱሊን መጠን አላወራም፤ እሱን ሐኪማችሁን ጠይቁ። የማወራው ቦርሳችሁ ውስጥ ስላለችው ትንሽ የስኳር መለኪያ ማሽን፣ ስለ ግሉኮሜትር ነው። ታካሚ ውጤቱን ሲቀበለኝ አዘውትሮ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ። «የእኔ ማሽን 162 አለ፣ እናንተ 148 አላችሁ። ማን ነው የሚዋሸው?» ይላል። አንዳንዱ ተናዶ ነው የሚጠይቀው። አንዳንዱ ደግሞ ማሽኑን ሊጥለው ወስኖ ነው የሚመጣው።

ማንም ላይዋሽ ይችላል። ለቤት የሚሸጥ ግሉኮሜትር ምን ያህል ቢሳሳት እንደሚፈቀድለት የሚወስን ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። አይኤስኦ 15197 ይባላል፤ አሁን የሚሠራበት እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። እንዲህ ይላል፦ ላብራቶሪው 100 ወይም ከዚያ በላይ ካለ፣ ማሽኑ ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 15 በመቶ ቢለይ ይታለፋል። ላብራቶሪው ከ100 በታች ካለ ደግሞ ልዩነቱ እስከ 15 ሚሊግራም በዴሲሊትር ድረስ ይፈቀዳል፤ ማሽኑ ላይ የምናነበው ቁጥር ሁሉ በዚህ መለኪያ ነው። ከ100 ልኬት 95ቱ እዚህ ውስጥ መግባት አለባቸው።

በቁጥር እንየው። እውነተኛው ስኳራችሁ 200 ከሆነ ማሽኑ 170 ቢል ደህና ማሽን ነው። 230 ቢልም ደህና ማሽን ነው። 100 ከሆነ ከ85 እስከ 115 ያለው ሁሉ ይፈቀድለታል። ያ 162 እና 148 ያለው ሰውዬ፣ ልዩነቱ 14 ነው። 14ን ለ148 ስናካፍለው አሥር በመቶ እንኳ አይሞላም። ማሽኑ ምንም አልሆነም።

ስለዚህ ትናንት ጠዋት 128፣ ዛሬ ጠዋት 137 ስላያችሁ «ስኳሬ ጨመረ» ብላችሁ ቤቱን አታስጨንቁ። ጭማሪው የእናንተ ይሁን የማሽኑ ማንም ሊለየው አይችልም። ሳምንቱን ሙሉ ከ130 ወደ 190 እያለ ከሄደ ግን እሱ ሌላ ወሬ ነው። ያኔ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

«አምስቱስ?» ያለኝ ማነው? ጎበዝ። ከ100 ልኬት አምስቱ ከዚህም ሊያፈነግጡ ይችላሉ። ከ20 አንዱ ማለት ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ለሚለካ ሰው በሳምንት አንዴ ገደማ ሊያጋጥመው ይችላል። ያልጠበቃችሁት ቁጥር ከመጣ እጃችሁን ታጠቡና በሌላ ጣት ድገሙት። ለአንድ ስትሪፕ፣ ደም ለምታስነኳት ቁራጭ፣ ብላችሁ ባልተረጋገጠ ቁጥር ኢንሱሊን አትጨምሩ።

ይህ 15 በመቶ ብዙ መስሎ ከታያችሁ፣ የቀድሞው የ2003 እትም ከ75 በላይ ላለ ስኳር 20 በመቶ ድረስ ይፈቅድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ የወጣው የመጀመሪያው ማሽን ደግሞ ከኪሎ በላይ ይመዝናል፤ የተሠራውም ለሐኪሞች እንጂ ለቤት አልነበረም። ዛሬ በኪስ የምትይዙት በእውነት ትልቅ ነገር ነው።

አሁን አደገኛው ቦታ ላይ ልቁም። እውነተኛው ስኳር 60 ከሆነ ማሽኑ 75 ቢል በደንቡ ያልፋል። ግን 60 ማለት ስኳር ወርዷል ማለት ነው። 75 ማለት ደግሞ «ደህና ነኝ» ማለት ነው። ሰውየው ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል፣ ማሽኑ 75 ይላል። ማንን ይመን? ሰውነቱን ይመን። ምልክቱ ካለ ቁጥሩ 75ም ይሁን 80 አትከራከሩ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ፤ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ። ዳይት የሚለውን አይደለም። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኩ። ተሳስታችሁ ስኳራችሁ ለጥቂት ሰዓት ከፍ ቢል ይወርዳል። በሌላው በኩል ብትሳሳቱ ግን መንገድ ላይ ልትወድቁ ትችላላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ስኳሩ ብዙ ዓመት የቆየበት ሰው አንዳንዴ ሲወርድበት ምልክቱ አይሰማውም። ይህን ለቤተሰብ ነው የምናገረው። አባታችሁ ድንገት ግራ ከተጋቡ፣ የማይገናኝ ነገር ከተናገሩ፣ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ለኩላቸው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም አታፍስሱ፤ ሐኪም ቤት አድርሷቸው።

አሁን ማሽኑ እንዴት እንደሚለካ። አጭር ነው። የስትሪፑ ጫፍ ላይ ኢንዛይም አለ። ኢንዛይሙ ከደማችሁ ስኳር ጋር ሲገናኝ ኤሌክትሮን ይለቀቃል። ማሽኑ ያንን ትንሽዬ ኤሌክትሪክ ያነብና ቁጥር ያደርገዋል። አያችሁ፣ የሚለካው ስትሪፑ ነው። ማሽኑ አንባቢ ነው። ሰው ግን ማሽኑን በሽፋን ጠቅልሎ፣ ስትሪፑን ክዳኑ ሳይዘጋ ምጣድ አጠገብ ያስቀምጣል።

ጣታችሁ ላይ ያለ ስኳርም ለስትሪፑ ያው ስኳር ነው። ከደም ይምጣ ከብርቱካን አይለይም። ይህን በወሬ አላልፈውም። ብርቱካን ይዣለሁ፣ እዚሁ እንየው። እማማ፣ እርስዎ ይምጡ። ስኳር የለብኝም አሉ? ያ ደግሞ የተሻለ ነው።

መጀመሪያ እጅዎን እዚህ ሳህን ላይ በሳሙና ይታጠቡ። በደንብ ያድርቁት። ጣትዎን ከጎን በኩል እወጋለሁ፤ መሐሉ ያማል፣ ጎኑ ይሻላል። ቁጥሩን ለሰው ያንብቡልን። 104። ጥሩ። አሁን ይቺን ብርቱካን ይላጡልኝ። በቢላ አይደለም፣ በእጅዎ። አይታጠቡ። ሌላ ጣት ይስጡኝ። ስንት አለ? 171። እማማ ብርቱካኑን አልቀመሱም፣ አይታችኋል። አሁን ሌላ ጣትዎን በአልኮል ጥጥ ልጥረገውና ልሞክር። 139። የወረደ ይመስላል፣ ግን አልጸዳም። አልኮል ጀርም ይገድላል እንጂ ስኳር በደንብ አያነሳም። እንደገና በሳሙናና በውሃ ይታጠቡ። ያድርቁ። 107። እናመሰግናለን እማማ፤ ብርቱካኑ የእርስዎ ነው። ጣትዎን ስላስቸገርኩ ይቅርታ።

እኔ ይህን አዲስ ነገር አድርጌ አላመጣሁትም። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት በብርቱካን፣ በወይንና በኪዊ ሞክሮ ተመሳሳይ ነገር አግኝቷል። ወይን እንዲያውም ይብሳል። እኛ አገር ላይ አስቡት። ማንጎ፣ ማር፣ ሸንኮራ፣ የሻይ ስኳር፣ ዳቦ ላይ የተቀባ ማርማላታ። የልጅ ከረሜላ የፈታ እጅ። እንዲህ ያለ እጅ ከማሽኑ ስህተት እጅግ የበለጠ ስህተት ያመጣል። ማሽኑ ከላይ እንዳየነው 15 በመቶ ነው የሚፈቀድለት። የብርቱካኑ ልዩነት ከ60 በመቶ በላይ ነበር። ማሽኑን ግን ነው የምንከሰው።

ውሃ ባይኖርስ? የመጀመሪያውን ጠብታ በንጹህ ጥጥ ጠርጋችሁ በሁለተኛው ለኩ። እንደ መታጠብ አይሆንም፣ ግን ይሻላል። ደም አልወጣ ሲልም ጣታችሁን አጥብቃችሁ አትጨምቁ። ሲጨመቅ ከሥጋው ውሃ ይወጣና ደሙን ያቀጥነዋል። በሞቀ ውሃ ታጥባችሁ፣ እጃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ትንሽ ጠብቁ። ደሴ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ጣት ይደርቃል፤ ይሄ ያልገጠመው ያለ አይመስለኝም።

ስለ ቅዝቃዜ ካነሳን አይቀር፣ ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ለሰው ጉዳዩ ኮት ማውለቅ ነው። ለማሽኑ ግን ይበልጣል። አብዛኛው ማሽን የሚሠራው ከ10 እስከ 40 ዲግሪ ባለ ሙቀት ውስጥ ነው። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያደረ ማሽን ስህተት ያወጣል፣ ወይም የቴርሞሜትር ምልክት ያሳያል። ተበላሸ ብላችሁ አትሯሯጡ። ከልብሳችሁ ሥር አድርጋችሁ ሞቅ ሲል ሞክሩት። ስትሪፑም ቢሆን ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይወድም። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ስትሪፕ ለእኔ የሞተ ስትሪፕ ነው። ፍሪጅ ውስጥም አታስቀምጡት፤ ኢንሱሊን አይደለም። ፍሪጅ እርጥበት አለው።

ከፍታው ራሱስ? አንዳንድ ስትሪፖች የሚጠቀሙት ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፤ ይህ ኢንዛይም ከኦክስጅን ጋር ጉዳይ አለው። ኦክስጅን ሲያንስ ቁጥሩ ወደ ላይ ሊያዘነብል ይችላል። ብዙ አምራቾች እስከ 3000 ሜትር ድረስ ማሽናቸው እንደሚሠራ ይጽፋሉ። ደሴ እዚያ ውስጥ ናት። ግን ከፍ ወዳሉት ደጋ ቀበሌዎች የምትኖሩ ሰዎች፣ ከሳጥኑ ውስጥ ያለችውን ወረቀት ልጃችሁ ያንብብላችሁ። ያቺ ወረቀት የምጣድ ማንሻ ስትሆን አይቻለሁ።

የደም ማነስም አለ። ቀይ የደም ሴል ሲቀንስ ማሽኑ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ያነባል። ሲበዛ ዝቅ ያደርጋል። ለነፍሰ ጡር፣ የኩላሊት ሕመም ላለበት፣ ወባ ለደጋገመው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደም ማነስ እንዳለባችሁ ከተነገራችሁ፣ ማሽኑን ከላብራቶሪ ጋር ሳታመሳክሩ አትመኑት። በተቅማጥና በትውከት ሰውነቱ የደረቀ ሰው ደግሞ በጣት ጠብታ አይተማመን፤ ወደ ሐኪም ቤት ይምጣ።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልግባ፣ ወደ ላብራቶሪው። ሰው ላብራቶሪ የተናገረውን እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ይቀበለዋል። ግን ቱቦ ውስጥ የገባ ደም ሕይወት አለው። ሴሎቹ ስኳሩን መብላታቸውን አያቆሙም። ሴሎቹ ከደሙ ፈሳሽ ሳይለዩ ከቆዩ በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ስኳር ይቀንሳል። ጠዋት በሁለት ሰዓት የተቀዳ 150፣ ወረፋ በዝቶ በአራት ሰዓት ቢሠራ 132 አካባቢ ሊሆን ይችላል። ማሽናችሁ በሁለት ሰዓት 150 ብሎ ከነበረ፣ እሱ ነው እውነቱን የተናገረው። ግራጫ ክዳን ያለው ቱቦ ይህን ይቀንሳል፤ ውስጡ ያለው መድኃኒት ግን ሥራውን እስኪጀምር ሰዓት ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል። የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ስናገር አይወዱልኝም። እውነት ግን ነው።

እንግዲህ ማሽናችሁን በትክክል መፈተን ከፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉ። ለቀጠሮ ስትመጡ ማሽኑን ይዛችሁ ኑ። በባዶ ሆድ ይሁን። ከምግብ በኋላ የጣት ደም ከደም ሥር ደም 20 በመቶና ከዚያ በላይ ሊበልጥ ስለሚችል ማመሳከሩ ከንቱ ይሆናል። ደም ከመቀዳታችሁ በፊት እጃችሁን ታጥባችሁ በማሽናችሁ ሁለት ጊዜ ለኩ። ወዲያው፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ ከክንድ ተቀዱ። «ማሽኔን ላመሳክር ነው፣ እባካችሁ ቶሎ ይለይልኝ» በሉ። አትፈሩ። በጨዋነት ከተጠየቀ አብዛኛው ባለሙያ ያደርገዋል። ከዚያ ልዩነቱን ለላብራቶሪው ቁጥር አካፍሉት። በአንድ ቀን አትፍረዱ። በሁለት ሦስት ቀጠሮ ሁሌ ወደ አንድ ወገን ከ15 በመቶ በላይ ካዘነበለ፣ መጀመሪያ አዲስ የስትሪፕ ብልቃጥ ክፈቱና ሞክሩ። አሁንም ካልተስተካከለ ማሽኑ ይሰናበት።

ማሽንን ከጎረቤት ማሽን ጋር ማመሳከር ግን ምንም አይጠቅምም። አንዱ 170፣ ሌላው 230 ቢል ሁለቱም ደንቡን ያሟሉ ሊሆኑ ይችላሉ። የትኛው ለእውነቱ እንደሚቀርብ በምን ታውቃላችሁ?

ጎረቤት ካልኩ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ቡና ይፈላል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ አንዱ ማሽን ያወጣል። «እስቲ የእኔንም እየው» ይባላል። ማሽኑ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል፤ መውጊያዋም አብራ ትዞራለች። መርፌዋን ቀየርን ይላሉ። መርፌዋ ብትቀየርም መውጊያው ብዕር ራሱ ደም ይነካዋል። ሄፓታይተስ ቢ በዚህ መንገድ ይተላለፋል፤ የደም ጠብታ ደርቆም ቀናት ይቆያል። የቤተሰብ አባላት ብትሆኑም መውጊያችሁ የየራሳችሁ ይሁን። ደግሞም በዚያ ጀበና አጠገብ 140 ያየ ሰው «ስኳር የለብኝም»፣ 210 ያየ «ስኳር አለብኝ» ብሎ ይሄዳል። በቤት ማሽን በሽታው አለ የለም አይባልም። ያ የላብራቶሪና የሐኪም ሥራ ነው።

ከውጭ አገር ስለሚላክ ማሽንም ጥያቄ ተጽፎ ደርሶኛል። ወሎ ውስጥ ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ልጅ ለእናቷ ማሽን ትልካለች፣ እግዜር ይስጥልን። ግን ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ከእንግሊዝ ወይም ከካናዳ የመጣ ማሽን በሌላ መለኪያ፣ በሚሊሞል በሊትር፣ ይናገራል። 9.4 ይላል። አንዲት እናት «ስኳሬ ዘጠኝ ገባ፣ ልሞት ነው» ብለው እያለቀሱ መጥተው ነበር። በ18 አባዙት። 169 ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ካያችሁ ሁሌ በ18 ማባዛት ነው። ሁለተኛ፣ ስትሪፑ እዚህ ይገኛል? ማሽን ከስትሪፑ ጋር ካልተጋባ ጌጥ ነው። የሌላ ማሽን ስትሪፕ ደግሞ ቀዳዳው ቢቀበለውም አይሆንም።

ስትሪፕ ስትገዙ የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ብልቃጡን የከፈታችሁበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉበት፤ ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚቆይ መለያው ላይ አለ። ከብልቃጡ ወጥቶ በቁጥር የሚሸጥ ስትሪፕ አትግዙ። አየሩ ነክቶታል፣ ቀኑም አይታወቅም። ከሻጩ ደግሞ የመፈተኛ ፈሳሽ እንዳለው ጠይቁ። እንደ ደም ጠብ ታደርጉታላችሁ፣ የሚወጣው ቁጥር ብልቃጡ ላይ ከተጻፈው ክልል ውስጥ መግባት አለበት። ፋርማሲው የለንም ቢላችሁም መጠየቃችሁን አታቁሙ። ሰው ካልጠየቀ አያመጡትም።

ከመነሳታችን በፊት ሁለት ጥያቄ ልመልስ።

አንዱ ስለ ጾም ነው። ረመዳን ላይ ጣት መውጋት ጾም ያፈርሳል ወይ? ስለ ስኳርና ረመዳን የወጡት የሕክምና መመሪያዎች አያፈርስም ይላሉ፤ ሃይማኖቱን ግን ሸኾቻችሁን ጠይቁ፣ እኔ ከሥራዬ አልወጣም። በሕክምናው በኩል የማውቀው፣ ስኳር ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ጾሙ በዚያ ቀን መቋረጥ እንዳለበት ነው። ስለዚህ ጾመኛ ከሌላው ሰው የበለጠ መለካት ነው ያለበት። ለዓቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚቆዩትም ያው ነው።

ሌላው ጥያቄ «የትኛውን ልግዛ?» የሚል ነው። ስም አልጠራም፤ ማስታወቂያ ይሆንብኛል። ግን በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነ ምርመራ፣ ገበያ ላይ ከነበሩ 18 ማሽኖች መስፈርቱን ያሟሉት 6 ብቻ ነበሩ። ሁሉም ፈቃድ አግኝተው የሚሸጡ ናቸው። ስለዚህ ሳጥኑ ማማሩ ምንም አይነግራችሁም። የምመክረው ይህን ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ፒያሳም ሆነ አራዳ ሁለት ሦስት ፋርማሲ ግቡና «የዚህ ማሽን ስትሪፕ ባለፈው ወር ነበራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አዎ ካሏችሁ ሳጥኑ ላይ አይኤስኦ 15197 የሚለውን ፈልጉ። ከዚያ ግዙና ለመጀመሪያው ቀጠሮ ይዛችሁት ኑ፤ ከላይ እንዳልኩት እናመሳክረዋለን።